ጃኬቱን ከማጠባችሁ በፊት ገበሩን ገልብጡት

ሰሞኑን ስለ ቆዳ ጃኬት ሽታ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ሽታው በአንድ ቀን ይለቃል ይላል። ሦስት ደንበኞቼ አንብበውታል። ሁለቱ የተባለውን አድርገው ጃኬታቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ሦስተኛው ውሃውን ጥዶ፣ ከመዘፍዘፉ በፊት ደወለልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። ይህን ምላሽ የምጽፈው ግን በሁለቱ ምክንያት ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቆዳ ጃኬትና ቦርሳ የምጠግንባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዚፕ እቀይራለሁ። ገበር እቀይራለሁ። የተተረተረ ስፌት እመልሳለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ብዙው ሰው የሚመጣው "ይሸታል" ብሎ ነው።

ማርቆስን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ሲገባ የጮቄ ብርድ ይወርዳል። ዝናቡ አያባራም። የግድግዳው እርጥበት ልብስ ውስጥ ይገባል። እዚህ አገር የቆዳ ጃኬት ለማማር ብቻ አይለበስም። የባጃጁ ልጅ ይለብሰዋል፤ ሞተረኛው ይለብሰዋል፤ የሌሊት ጥበቃው ይለብሰዋል። ብዙዎቹ ያላቸው አንድ ጃኬት ነው። እሱ ከተበላሸ ሌላ የለም። የምቆጨው ለዚህ ነው።

ጽሑፉ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ሽታ ሁሉ ከቆሻሻ ስለሆነ ጃኬቱን በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፎ ማጠብ ነው። ከዚያ በቀትር ፀሐይ ማስጣት። ሻጋታ ካለው በበረኪና መጥረግ። ሲደርቅ ቅቤ ወይም የኑግ ዘይት መቀባት። እጣን ማጠን፣ ሽቶ መርጨትና ኪሱ ውስጥ የብል መድኃኒት መጨመር። እምቢ ካለ አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር። አሁንም ከሸተተ ቆዳው እውነተኛ አይደለምና መጣል።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። "መጀመሪያ ኪሱን ባዶ አድርጉ" ማለታቸው ትክክል ነው። እንዲያውም እኔ እጨምርበታለሁ፤ የኪሱ ስፌት ተቀዶ እንደሆነ እዩ። የተቀደደ ኪስ አሾልኮ ገበርና ቆዳው መሃል ያስገባው የድፎ ዳቦ ቁራሽ አግኝቼ አውቃለሁ። ሰውየው ለሁለት ወር ቆዳውን ሲወቅስ ኖሯል። በቀረው ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር አልስማማም። አንድ በአንድ ልሂድበት።

"ሽታ ሁሉ ከቆሻሻ ነው" የሚለው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። የቀረው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሽታ አንድ ዓይነት አይደለም። ኮምጠጥ የሚለው የብብት ሽታ ሌላ ነው። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት የሚመጣው ዓይነት የሻጋታ ሽታ ሌላ ነው። ጭስ ሌላ ነው። ናፍጣ ሌላ ነው። የከረመ ዘይት ሌላ ነው። አዲስ ጃኬት ላይ ያለው የፋብሪካ ሽታ ደግሞ ከቆሻሻ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። መድኃኒታቸውም ይለያያል። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያብሳል። ለጭስ የሚበጅ ነፋስ ነው። ለላብ ነፋስ ብቻውን አይበቃም። ሻጋታ ላይ ውሃ ካፈሰሳችሁ ደግሞ ቀለቡን ሰጣችሁት ማለት ነው።

ሌላም አለ። ጽሑፉ "ገበር" የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አያነሳም። እኔ እጅ ከሚገቡት ጃኬቶች አብዛኞቹ የሚሸቱት ከገበራቸው ነው። ገላችንን የሚነካው ገበሩ ነው። ላብ ገና ሲወጣ ብዙም አይሸትም። ገላችንና ጨርቁ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ነው የሚሸተው። ገበሩ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ የገላን ቅባት ይይዛል፤ በቀላሉ አይለቅም። ትከሻው ውስጥ ያለው ስፖንጅ ያንን ሁሉ ጠጥቶ ይቀመጣል።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደንበኛ አለኝ። ሌሊት ደጀን ላይ ብርድ ነውና ጃኬቱን ይለብሳል። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሙቀቱ የሌላ አገር ነው፤ ላብ በላብ ይሆናል። ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ደግሞ በላቡ ላይ ብርድ ስለሚመጣበት ጃኬቱን አያወልቅም። በሳምንት ሁለቴ እንዲህ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ቆዳ በደንብ ያልለፋ ነው መሰለኝ" አለኝ። ገበሩን ገልብጬ ብብቱን አሳየሁት። ጨርቁ ላይ ላቡ ነጭ የጨው መስመር ሠርቷል። ቆዳው ግን ጤነኛ ነው። ገበሩን ብቻ ቀየርኩለት። ጃኬቱ ይኸው እስከ ዛሬ አብሮት ይወርዳል፣ አብሮት ይወጣል።

ስለዚህ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ሁለት ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያዙ። አንዱን በገበሩ ብብት ላይ፣ ሌላውን በጀርባው ቆዳ ላይ ደጋግማችሁ እሹት። ለየብቻ አሳድሯቸው። ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ አሽቷቸው። ጠዋት ያልኩት በምክንያት ነው። አፍንጫ ከሽታ ጋር ሲውል ይለምደዋል፤ መለየት ያቅተዋል። የመጀመሪያው ጨርቅ ብቻ ከሸተተ ሥራችሁ ያለው ገበሩ ላይ ነው። ሁለተኛውም ከሸተተ ነገሩ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። ያኔ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እጥበቱ ልምጣ። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሲለፋ፣ መጨረሻ አካባቢ ዘይት ይመገባል። ቃጫዎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚጠብቃቸው ያ ዘይት ነው። ጃኬቱ የሚለሰልሰውም በእሱ ነው። ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና ደግሞ ሥራቸው ቅባት ማውጣት ነው። ወጥ የነካው ነጠላ ላይ ጥሩ ነው፤ ቆዳ ላይ ግን የሚያወጡት የራሱን ሕይወት ነው። በዚያ ላይ የለፋ ቆዳ ወደ አሲድ ያደላል። ፒኤች በሚባለው የአሲድ መለኪያ ከ3.5 እስከ 5 ባለው መካከል ነው። በውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ሳሙና 10 አካባቢ ነው፤ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። ሁለቱ አይስማሙም።

ከሁለቱ ደንበኞች አንዱ የባጃጅ ሾፌር ነው። ጃኬቱን ከፌስታሉ ሲያወጣው ገና ከሩቁ ገባኝ። እጅጌው አንጓው ላይ አይደርስም። ቆዳው እንደ ድርቆሽ ይንኮሻኮሻል። በማስቲሽ የተያያዘው የታችኛው ጠርዝ ተነስቷል። ቆዳው ተኮማትሮ ገበሩ ባለበት ስለቀረ ጨርቁ ከታች ተንጠልጥሏል። "ጋሼ፣ አሁንም ይሸታል እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይሸታል። የትከሻው ስፖንጅ ውሃ እንደያዘ አድሮ፣ በላቡ ላይ የእርጥብ ሽታ ጨምሯል። ክሬም ቀብቼ፣ ወጥሬ፣ የተቻለኝን አደረግሁ። የተኮማተረ ቆዳ ግን ወደ ድሮው አይመለስም። ይህን ለልጁ መንገር ከበደኝ።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ይህን ሥራ ከመጀመሬ በፊት የአባቴን ጃኬት ለአንድ ልብስ እጥበት ቤት ሰጥቼ ነበር። እንደ ሸሚዝ አጥበው፣ በካውያ ተኩሰው መለሱልኝ። አባቴ ምንም አላለኝም። ጃኬቱን ግን ዳግመኛ አልለበሰውም።

ታዲያ ላብ የያዘ ገበር እንዴት ይጸዳል? ጃኬቱን ገልብጡት። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የፀጉር ሻምፖ ጨምሩ። ጨርቅ ነክራችሁ ጭምቅ አድርጉት፤ አይንጠብጠብ። ገበሩን ብቻ ጥረጉ፤ ብብቱንና አንገቱን ደጋግሙ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ የተጨመቀ ሌላ ጨርቅ አሳልፉበት። ብብቱ እምቢ ካለ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ በስሱ ጥረጉት። የአቼቶው ሽታ ሲደርቅ ይሄዳል። እንደተገለበጠ ነፋስ ባለበት ሁለት ቀን አንጠልጥሉት። በሁለት ሦስት ዙር ካልለቀቀ ገበሩን ማስቀየር ይሻላል። ልብስ ሰፊ ይችለዋል። አዲስ ጃኬት ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

"በቀትር ፀሐይ አስጡት" ለሚለው፤ ፀሐይ ሻጋታን ማዳከሟ እውነት ነው። የእኛ ፀሐይ ግን የደጋ ፀሐይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማርቆስ ላይ ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ ለስላሳ ትመስላለች እንጂ ቀለም ትበላለች። ጥቁር ጃኬት ትከሻው ላይ ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። እኔ የምፈቅደው የጠዋት ፀሐይ ነው፤ ያውም ለአንድ ሰዓት፣ ጃኬቱ ተገልብጦ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ። ከዚያ በኋላ ጥላ። ቆዳን የሚያድነው ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ከጥቅምት ጀምሮ እንደ ልብ ነው።

ከፀሐይ ይልቅ የሚያሰጋኝ ምድጃ ነው። ጽሑፉ ምድጃን አላነሳም። ሰው ግን ፀሐይ ሲያጣ የሚሄደው ወደ እሳት ነው። እርጥብ ቆዳ ከደረቅ ቆዳ ይልቅ ሙቀት ይፈራል። በዕፅዋት ቅርፊት የለፋ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ላይ ይኮማተራል። ክሮም በሚባል የማዕድን ጨው የለፋው 100 አካባቢ ድረስ ይችላል፤ አብዛኛው ጃኬትም በክሮም የለፋ ነው። ይህ ግን አያጽናናችሁ። ዘይቱ፣ ማስቲሹና የላዩ ቀለም ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ነው የሚበላሹት። ዝናብ የመታው ጃኬት ከእሳት ርቆ ይንጠልጠል። ውስጡ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ፎጣ ጠቅጥቁበት፤ ሲርስ ቀይሩት።

ስለ በረኪና ያለው ምክር ያስደነገጠኝ ነው። እዚህ ላይ ቶሎ አላልፍም፤ ከጃኬቱ ይልቅ የሰው ጤና አለበት።

በረኪና ቆዳን አያጸዳም፤ ይበላዋል። ቀለሙን ያነጣዋል፣ ቃጫውን ያደክማል። የተጠረገው ቦታ ከጥቂት ወራት በኋላ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ደንበኛ ያመጣው ጃኬት ኮሌታው ላይ ብርቱካናማ ደመና የመሰለ ምልክት ነበረው። ያን ቀለም ቀብቶ መሸፈን ይቻላል፤ ቆዳውን ማዳን ግን አይቻልም። ከዚህም የሚብሰው ሌላ ነው። ሰው ስለ አቼቶም ሰምቷል። አንዱ አልሠራ ሲል ሌላውን ይጨምራል። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በጠባብ ቤት፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሳንባ ያቃጥላል። እባካችሁ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን አንድ ጨርቅ ላይ አታድርጉ።

ሻጋታ የሚወደው እርጥበት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ያለውን ሲያልፍ ቆዳ ላይ ይበቅላል። የእኛ ክረምት ከዚያ በላይ ነው። ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ጠብታ መስሎ ይታያችኋል። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ጃኬቱን ከቤት አወጣለሁ፤ ቤት ውስጥ ካራገፋችሁት ዘሩ አልጋችሁ ላይ ያርፋል። አፍና አፍንጫዬን በማስክ እሸፍናለሁ። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይስጥ። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አራግፋለሁ፤ ስፌቱንና የኮሌታውን ሥር አልረሳም። ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል፣ የተጨመቀ ጨርቅ፣ በስሱ። ቀለም እንዳይነሳ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ኮሌታው ሥር፣ እሞክራለሁ። ከዚያ ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ነፋስ ላይ።

ጃኬቱ ጸድቶ ወደዚያው ቁም ሣጥን ከተመለሰ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ሻጋታው ሣጥኑም ውስጥ አለ። ሣጥኑን ባዶ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ በሩን ከፍታችሁ አድርቁት። ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ። ጃኬቱን በፌስታል አትሸፍኑት። ፌስታል ከአቧራ እየጠበቀ እርጥበቱን አብሮ ያፍነዋል። አሮጌ አንሶላ ይበቃል።

ቅቤና ኑግ። እዚህ ላይ ጸሐፊው አባቶቻችንን ምስክር ጠርተዋል። ቆዳ በቅቤ ይለሰልስ ነበር ብለዋል። እውነት ነው፤ እኔም ያደግሁት ጀንዲ ላይ ተኝቼ ነው። አያቴ አጎዛ ላይ ነበር የምትቀመጠው። እህሉ በስልቻ ነበር የሚጫነው። ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰዎች ስለ ደበሏቸው ሲያወሩ ሰምቼ አልጠግብም። ይህን ሁሉ የምወደው ነገር ነው፤ ለዚህም ነው አለቦታው ሲጠቀስ የሚከፋኝ።

ያ ቆዳ በእጅ የተፋቀ፣ በእጅና በእግር የታሸ ነው። ላዩ ላይ የፋብሪካ ቀለም የለውም። ቅቤው እስከ ውስጥ ይገባል። የሚኖረውም ጭስ በማይለየው ቤት ውስጥ ነው። የቅቤ ጠረን የቤቱ ጠረን ነበር፤ ማንም ነውር አላለውም። የዛሬ ጃኬት በቀለም የተሸፈነ ነው። ቅቤው ላዩ ላይና ስፌቱ ውስጥ ይቀራል። ቅቤ ሲከርም ቡትሪክ የሚባል አሲድ ያወጣል። ያንን ሽታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለምግብ የማንፈልገውን ሽታ ለትከሻችን ለምን?

ኑግማ የራሳችን ነው። ክረምት ሲወጣ የጎጃምን ማሳ ቢጫ የሚያደርገው እሱ ነው። ለወጥ የሚያህለው የለም። ነገር ግን ዘይቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ የሚባል ስብ ነው። ይህ ስብ ከአየር ጋር ቶሎ ይጣመራል። መጀመሪያ ያብለጨልጫል። ከሳምንታት በኋላ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ እንደ አሮጌ ኩራዝ ይሸታል። ሽታ ለማጥፋት ተብሎ ሽታ የሚወልድ ነገር መቀባት ነው የሚሆነው።

የቀባችሁ ካላችሁ አትደንግጡ። ደረቅ ጨርቅ አሳልፉበት። የሕፃን ፓውደር በስሱ ነስንሱበት፤ ቅባት ይጠጣል። አሳድሩት፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። በየሁለት ቀኑ ድገሙት። አራት አምስት ዙር ሊፈልግ ይችላል። ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ቀለም የሌለው ክሬም የምትቀቡት ሽታው ከለቀቀ በኋላ ነው፤ በፊት ከቀባችሁ ሽታውን ውስጥ ዘጋችሁበት። የጣት ጫፍ ያህል ለአንድ እጅጌ ይበቃል። ሊስትሮ ጋ ወስዶ የጫማ ቀለም ማስቀባትም አይሆንም፤ ሸሚዛችሁን ያጠቁረዋል።

እጣኑ፣ ሽቶውና የብል መድኃኒቱ ሦስቱም አንድ ሐሳብ ናቸው፤ ሽታን በሌላ ሽታ መሸፈን። የወተት ዕቃ በወይራ እናጥናለን፤ እሱ ልክ ነው። የዕቃውን ውስጥ ጭሱ ያጸዳዋል፤ ወተቱም ጥሩ ጠረን ይይዛል። ጃኬት ግን ጭስን ጠጥቶ ያስቀምጣል። ላብና እጣን ተደባልቆ ታክሲ ውስጥ ሲሸት ከላቡ ብቻ ይብሳል። ሽቶ ደግሞ አልኮል አለው። በቀጥታ ቆዳው ላይ ሲረጭ ቀለሙን እየፈታ ነጠብጣብ ይተዋል። አረቄም ያው ነው። አንዳንድ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው ያነሳሁት።

የብል መድኃኒቱ፣ ያ ነጭ ኳስ፣ ናፍታሊን ነው። ብል የሚበላው ሱፍና ጠጉር እንጂ የለፋ ቆዳ አይደለም። ስለዚህ ለቆዳ ጃኬት ጥቅሙ ትንሽ ነው። ጉዳቱ ግን አለ። ትነቱ ለሕፃናት መጥፎ ነው። በተፈጥሮ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚጎድላቸው ልጆች ደማቸው ሊጎዳ ይችላል። የሕፃን ልብስ ባለበት ሣጥን ውስጥ አታስገቡት። ከቦንዳ የገዛችሁት ጃኬት ናፍታሊን ናፍታሊን ካለ ደግሞ ምንም አትቀቡት፣ ምንም አትርጩበት። ናፍታሊን ሳይቀልጥ በራሱ የሚተን ነገር ነው። ኪሱን ሁሉ ገልብጣችሁ ሞቅ ያለና ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ስቀሉት። በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

ሽታ ለመምጠጥ የምተማመንበት ከሰል ነው። ከአዊ የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ የሚከስለው ከሰል እዚህ ገበያ ሞልቷል። ያልነደደ ደረቅ ከሰል በጨርቅ ቋጥራችሁ፣ ጃኬቱን እንዳይነካ አድርጋችሁ፣ ከጃኬቱ ጋር ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። አንድ ሳምንት። ለጭስ ሽታ በተለይ ጥሩ ነው። ብቻ ጃኬቱ መጀመሪያ ደረቅ ይሁን። እርጥብ ጃኬት ዘግታችሁ ካስቀመጣችሁ ሻጋታ ነው የምታበቅሉት።

ፍሪዘሩን በአጭሩ ልለፈው። ብርድ ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ ብዙውን አይገድልም። ጃኬቱ ሲሞቅ ይነሳሉ። ከፍሪዘር ሲወጣ ደግሞ ላዩ ላይ ውሃ ያጤዛል። ሥጋችሁን አስቀምጡበት።

የመጨረሻው ነጥብ "አሁንም ከሸተተ እውነተኛ ቆዳ አይደለም፣ ጣሉት" የሚል ነው። ይህ ሁለት ጊዜ ስህተት ነው።

አንደኛ፣ እውነተኛ ቆዳም ይሸታል። በተለይ የበግ ቆዳ በተፈጥሮው ስብ አለው። ፋብሪካው ስቡን በደንብ ካላወጣው ውስጡ ይከርማል። ለማለስለስ ከሚገቡት ዘይቶች አንዳንዶቹ የዓሣ ዘይት ናቸው፤ ጃኬቱ ሲሞቅ የዓሣ ቅርናት የሚመጣው ከዚያ ነው። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ ለጓንት የሚፈለግ ነው። ስስ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቃጫው የጠበቀ ነው። ሸተተ ተብሎ የሚጣለው አንዳንዴ ይሄ ነው። የፋብሪካ ሽታ አየር ሲያገኝ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። የዓሣው ግን ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ እውነተኛነትን በሽታ አትለዩም። የማይታይ ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አኑሩ። ብዙ ቀለም ያልተቀባ ቆዳ ቀስ ብሎ ይጠጣዋል። የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ፤ ቆዳ ከሆነ ቃጫ አለው፣ ፕላስቲክ ከሆነ ከታቹ ጨርቅ ይታያል። በእሳት መሞከር አያስፈልግም፤ ቀዳዳ ነው የሚያተርፋችሁ።

ስለ መጣል ሳስብ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። የባለቤታቸውን ጃኬት ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ጃኬቱ ሣጥን ውስጥ ክረምቱን አሳልፎ ጀርባው ሻግቷል። ልጆቻቸው ጣሉት ብለዋቸዋል። "ልጄ፣ ሻጋታውን አውጣልኝ፤ የሱን ጠረን ግን እንዳትወስድብኝ" አሉኝ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ የቆዳውን ሻጋታ በብሩሽና በአቼቶ ጨርቅ አወጣሁት። ገበሩን አልነካሁትም፤ ሻጋታው እዚያ አልደረሰም ነበር። ለገበሩ ነፋስ ብቻ ሰጠሁት፤ ያውም ለአጭር ጊዜ። ሊወስዱት ሲመጡ ኮሌታውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩ። ያንን ጃኬት ዘፍዝፈው ቢሆን ኖሮ ምን ሊቀራቸው ነበር?

ተስፋ የምቆርጥባቸውም አሉ፤ አልዋሽም። ላዩ እየተላጠ የሚጣበቅ ሰው ሠራሽ ሌዘር አይድንም። ቤንዚን በደንብ የጠጣ ጃኬት ውጭ ለሳምንታት ተሰቅሎም ካልለቀቀ አልቀበለውም፤ ቤት ውስጥ፣ ምድጃ ባለበት፣ አደጋ ነው። ሻጋታው ቆዳውን አልፎ ስትጎትቱት እንደ እርጥብ ወረቀት የሚቀደድ ከሆነም በቃው።

ክረምቱ ሊገባ ሳምንታት ቀርተዋል። ጃኬታችሁን አሁኑኑ ከሣጥን አውጡት። ገልብጡት፣ አሽቱት፣ ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ሞክሩ። ሰኔ ላይ ፀሐይ ስትጠፋ ነፋስና ጥላ እንደ አሁኑ አታገኙም። ግራ ከገባችሁ አምጡት፤ ሱቄ ጠዋት 3 ሰዓት ይከፈታል። ብቻ ሳታጥቡት አምጡት።